አራት ኮከብ ለፒያሳዋ ፋርማሲ፦ የአባባ የኮሌስትሮል ኪኒን ጉዳይ

ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ ለዚች ፋርማሲ ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ። አንዷን የያዝኩበት ምክንያት አለኝ፤ እመጣበታለሁ። አራቱን ግን ያለ ስስት ነው የሰጠሁት።

ቦታው ሀዋሳ ነው። ከፒያሳ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ ገባ ብላ ትገኛለች። ስሟን አልጽፍም፤ ባለቤቷን ብጠይቃት «ከፍላ አስጻፈች ይሉኛል፣ በእናትህ ተወኝ» አለችኝ። የሰፈሩ ሰው በምልክት ያውቃታል። በሯ ላይ ሁለት ሰው በግድ የሚያስቀምጥ የእንጨት አግዳሚ አለ። ጎኗ ጁስ ቤት ነው፤ የአቮካዶ መፍጫው ሲነሳ ፋርማሲስቷ ምን እንደምትል አይሰማም።

እኔ መናኸሪያ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ነው የምሸጠው። ስለዚህ ፋርማሲም ሆነ ሱቅ የምፈርደው በሻጭ ዓይን ነው። ደህና መለዋወጫ ሻጭ «የፍሬን ሸራ ስጠኝ» ሲሉት ዘሎ መሰላል ላይ አይወጣም። የምን መኪና ነው? ሞዴሉ ስንት ነው? ቅርብ ጊዜ ሌላ ምን ቀየርክ? ብሎ ይጠይቃል። ፋርማሲ ገብቼ እንዲህ የሚጠይቀኝ ሰው እምብዛም አጋጥሞኝ አያውቅም። ወረቀቱን ያያሉ፣ ዋጋ ይነግሩሃል፣ በፌስታል ጠቅልለው ይሰጡሃል፣ ቀጣይ። ይቺኛዋ ትጠይቃለች። አንዳንዴ እስኪሰለችህ ትጠይቃለች።

ሕመምተኛው አባቴ ነው። አባባ በደጉ ጊዜ የኤንትሬ ሾፌር ነበር፤ ከዲላ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሸቀጥ ጭኖ ሞያሌ። ሾፌር ስለሆነ ይሁን በተፈጥሮው አላውቅም፣ በምግብ አይደራደርም። ቅቤ ያልነካው ነገር ምግብ አይመስለውም። ቡርሳሜ ከቀረበ ስልኩም አይነሳም። ደም ግፊት እንዳለበት ከተነገረው ከራርሟል፤ ኪኒኑን የሚያስታውሰው ግን ራሱን ሲወጋው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፣ አፉ ወደ አንድ ጎን ሄደ፣ ምላሱ ተሳሰረ። ስትሮክ ነው ተባለ። የራስ ቅል ሲቲ ስካን ተነስቶ ደም የረጋበት እንጂ የፈሰሰበት እንዳልሆነ ታወቀ። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል።

ከሆስፒታል ሲወጣ ከተሰጡን ኪኒኖች አንዱ አቶርቫስታቲን 40 ሚሊ ግራም ነው። ስታቲን ከሚባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ነው። ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን አንድ ኢንዛይም ያግዳል፤ ጉበትም ሲያጥረው ከደም ውስጥ ክፉውን ኮሌስትሮል መሳብ ይጀምራል። አስፕሪንና የደም ግፊት ኪኒኑ አምሎዲፒንም ታዘዋል። ሲያስወጡን ነገሩን ሁሉ በቁማችን ነው የነገሩን። «በሰዓቱ ይስጡት፣ በወሩ ተመለሱ።» እማማ «እሺ ልጄ» አለች፤ ምን እንደተባለ ግን ማናችንም አልያዝንም።

ወረቀቱን ይዤ ወደዚች ፋርማሲ የገባሁት ለቤቴ ቅርብ ስለሆነች ብቻ ነው። ከፊቴ አንዲት እናት ነበሩ። ሲምቫስታቲን 40 (እሱም ስታቲን ነው) እና አምሎዲፒን 10 የተጻፈበት ማዘዣ ይዘዋል። ፋርማሲስቷ ሁለቱን አየችና «እማማ፣ ይቀመጡልኝ፣ ለሐኪምዎ ልደውል» አለቻቸው። ኋላ ጠየቅኳት። አምሎዲፒን አብሮት ሲኖር ሲምቫስታቲን በቀን ከ20 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም፤ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ይህን ገደብ ያወጣው በፈረንጆቹ 2011 ነው አለችኝ (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። ሁለቱም እዚህ አገር በገፍ የሚታዘዙ ናቸው። ስንት ሰው ዝም ብሎ እየዋጠ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ተራዬ ሲደርስ በጥንቃቄ ነው የቀረብኩት።

«ሌላ ምን ይወስዳሉ?» አለች። ዘረዘርኩ። «የባህል መድኃኒትስ? እውነቱን ንገረኝ፣ አልቆጣም።» እሱም አለ፣ ነገርኳት። ቀጥላ ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ፦ «ውሃ ሲጠጡ ትን ይላቸዋል?»

ይላቸዋል እንዴ! ስትሮኩ ከመታው ጀምሮ አባባ ውሃ በጠጣ ቁጥር ይስላል፣ ዓይኑ እንባ ያቀራል። እኛ እርጅና ነው ብለን ነበር። እሷ ግን ብዕሯን አስቀመጠች። ስትሮክ የመዋጫ ጡንቻን ያደክማል፤ ውሃው ወደ ሆድ መሄዱን ትቶ ወደ ሳንባ ይሾልካል፤ የሳንባ ምች የሚመጣው ከዚያ ነው አለች። ወደ ሪፈራል ስትመለሱ አዋዋጣቸው ይታይላቸው፣ ሳትረሳ ብላ በማዘዣው ጀርባ ጻፈችልኝ። አቶርቫስታቲኑን አድቅቀህ በእርጎ ልትሰጣቸው ትችላለህ፤ አስፕሪኑ ግን ሆድ እንዳይጎዳ የተሸፈነ ዓይነት ነውና እንዳታደቀው አለችኝ። ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ «ማታ 3 ሰዓት፣ አንድ» ብላ ጻፈች። አቶርቫስታቲን ቀንም ማታም ቢወሰድ ለውጥ የለውም፣ ዋናው ሰዓቱ አለመዛነፉ ነው፤ ማታ ዜና ሲያልቅ ይሁን ያልነው ለእማማ እንዲመቻት ነው።

እስከዚህ ድረስ ሦስት ኮከብ በሉት። አራተኛዋ የመጣችው በአትላንታዋ የአክስቴ ልጅ ምክንያት ነው።

ልጅቷ ደግ ናት፣ እግዜር ይስጣት፣ ለሆስፒታሉም ገንዘብ ልካለች። ግን ታነባለች። ደወለችና «ስትሮክ የያዘው ሰው ስታቲን ከወሰደ ኢንፌክሽን ይበዛበታል ተብሎ ተጠንቷል፣ አስቁሙለት!» አለች። ስልኩ ላውድ ላይ ነበር። አባባ ምላሱ ቢሳሰርም ጆሮው አልተሳሰረም። ከዚያን ቀን ወዲህ እርጎውን በእምቢታ መለሰ። ኪኒኑን በሙሉው ስጡኝ አለ። ሰጠነው። ደስ አለን፣ መዋጥ ቻለ ብለን። በኋላ እማማ የትራስ ልብስ ልትቀይር ስትል ከትራሱ ሥር ነጭ፣ ግማሹ የሟሟ፣ ጨርቁ ላይ የተለጠፈ ኪኒን አገኘች። ከሥሩ ሌላ። ከሥሩ ሌላ።

ቤት ውስጥ ሸንጎ ተቀመጠ። ታናሽ ወንድሜ «ይቁም» አለ። እማማ «ሐኪም ያዘዘውን ሐኪም ነው የሚያነሳው» አለች። እኔ ኪኒኖቹን በወረቀት ጠቅልዬ ወደ ፋርማሲዋ ሄድኩ።

ፋርማሲስቷ አልሳቀችም፣ የአክስቴን ልጅም አላጣጣለችም። «ያነበበችው ከባዶ የመጣ አይደለም» አለች። ነገሩ እንዲህ ነው። ስታቲን ኮሌስትሮል ከማውረድ ሌላ የሰውነትን ብግነት ያበርዳል። ስትሮክ ደግሞ በራሱ የበሽታ መከላከያችንን ለተወሰነ ጊዜ ያዳክማል። ሁለቱ ሲደራረቡ ጀርም በር ተከፍቶለት ይሆን ወይ ብለው የጠየቁ ሐኪሞች አሉ። ስፔን ውስጥ 60 የስትሮክ ሕሙማንን ይዘው፣ ገና ስትሮኩ እንደመታቸው በሰዓታት ውስጥ ለከፊሉ ሲምቫስታቲን፣ ለቀሪው የውሸት ኪኒን የሰጡ ተመራማሪዎች ነበሩ። በ2008 ያወጡት ውጤት ሲምቫስታቲን የወሰዱት ዘንድ ኢንፌክሽን በዛ ብሎ አሳየ። ወሬው በአብዛኛው ከዚህና ከመሰሎቹ ነው የሚነሳው።

60 ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔ ስድሳ የውሃ ፓምፕ ሸጬ ሦስቱ ቢመለሱብኝ ፋብሪካውን አልከስም። የእህቴ ልጅ ሕክምና ትማራለች፤ እሷም ደግሞ ወረቀት አትማ መጣችልኝ። በ2011 የእንግሊዙ ቢኤምጄ መጽሔት ላይ የወጣ ነው። 11 ሙከራዎችን፣ ከ30,000 በላይ ሰዎችን አንድ ላይ ደምረው ስታቲን ኢንፌክሽን ይቀንስ እንደሆነ ያዩበት። ያኔ ብዙ ሐኪም ይቀንሳል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። አልቀነሰም። አልጨመረምም። ሚዛኑ እኩል ላይ ቆመ። እነዚያ ሰዎች የስትሮክ ሕሙማን ብቻ አይደሉም፣ ይህን ልብ በሉ። ቢሆንም አንዱ ዘመድ «ይከላከላል»፣ ሌላው «ያመጣል» ሲል ለመስማት ደህና ማርከሻ ነው።

የእህቴ ልጅ አንድ ነገር ደግሞ ጨመረች፤ ይህን እኔ በጣም ወደድኩት። ሆስፒታል መዝገብ ተገልብጦ በሚሠራ ጥናት ላይ፣ ስትሮክ በመታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኪኒን የሚሰጠው ማን ነው? መዋጥ የቻለው። የማይሰጠውስ? የሚያስለው፣ ትን የሚለው፣ ራሱን የሳተው። እንግዲህ የሳንባ ምች ከየትኛው ወገን ይበዛል? ኪኒኑ ምንም ባይሠራ እንኳ የወሰዱት ጤነኛ መስለው ይታያሉ። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ጥናት ስታቲን አዳኝ ነው ሲል በጥርጣሬ የሚታየው። ሰዎቹ ገና ከመነሻው እኩል አልነበሩም።

ማቆሙስ? ይኸውላችሁ፣ እዚሁ ስፔን ሌላ ቡድን በ2007 ያወጣው አለ። ቀድሞም ስታቲን ይወስዱ የነበሩ 89 ሰዎች ስትሮክ መታቸው። ግማሽ ያህሉን ለሦስት ቀን ብቻ አስቆሟቸው። ከሦስት ወር በኋላ ሲታይ፣ ካቋረጡት ከመቶ 60ው ሞተዋል ወይም ሰው ሳይደግፋቸው መኖር አልቻሉም። ካላቋረጡት ደግሞ ከመቶ 39ኙ። ይህም ትንሽ ጥናት ነው፣ አልክድም። ግን ትንሽ ጥናት የሚያስፈራ ከሆነ ይኸኛውም ያስፈራ።

ስለ ጥቅሙ ትልቁ ማስረጃ በ2006 የወጣው ነው። ስትሮክ ወይም ቀላል የስትሮክ ምልክት የነበራቸው 4,731 ሰዎች፣ ከፊሎቹ አቶርቫስታቲን 80፣ ከፊሎቹ የውሸት ኪኒን፣ ለአምስት ዓመት ገደማ። ኪኒኑን ከወሰዱት ከመቶ 11.2፣ ካልወሰዱት ከመቶ 13.1 የሚሆኑት ዳግም ስትሮክ መታቸው። ልዩነቱ ከመቶ ሁለት ሰው ገደማ ነው። ተአምር አይደለም። ግን ከሁለቱ አንዱ አባቴ ቢሆንስ? ያዙልኝ ያልኳችሁ ልዩነትም እዚህ ይመጣል፤ በዚያው ጥናት ኪኒኑን ከወሰዱት መሃል የደም መፍሰስ ስትሮክ የገጠማቸው ትንሽ በዛ ብለዋል፣ 55 ለ33። ስለዚህ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም የፈሰሰበት ሰው ጉዳይ ለብቻው ሐኪም የሚመዝነው ነው። የአባባ የረጋ ደም ስለሆነ ሚዛኑ ወደ መውሰዱ ያጋድላል።

ይህን ሁሉ ለአባባ ማን ያስረዳው? ፋርማሲስቷ «ይዘሃቸው ና» አለችኝ። በባጃጅ አመጣነው። ከመስኮቷ ወጥታ አግዳሚው ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። ጁስ ቤቱ መፍጨቱን እስኪያቆም ጠበቀች። «አባባ፣ ኤንትሬ ይነዱ ነበር አሉ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያዝ ለቀቅ ሲያደርጉት አንድ ቀን እንቢ አይልም?» አለችው። አባባ በግማሽ አፉ ሳቀ። ከዚያ ስለ መድኃኒቱ አመጣጥ አጫወተችው። አኪራ ኤንዶ የሚባል ጃፓናዊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከ6,000 በላይ የሻጋታና የፈንገስ ዓይነት መረመረ። ሐሳቡ፣ ሻጋታ ሌሎች ጀርሞችን ሲዋጋ የእነሱን ኮሌስትሮል መሰል ቅባት የሚያግድ ነገር ይረጭ ይሆናል የሚል ነበር። አገኘም፤ የፔኒሲሊን ዘመድ ከሆነ ሻጋታ ውስጥ። ከዚያ ዘር የመጀመሪያው ለሕዝብ የተፈቀደው ሎቫስታቲን በ1987 አሜሪካ ወጣ፤ አቶርቫስታቲን በ1996 ተከተለ። ኢንፌክሽን ያመጣል የተባለው መድኃኒት የተገኘው ሻጋታ ጀርምን በሚዋጋበት መንገድ ነው ማለት ነው። አባባ አሰበ፣ አሰበና፦ «እንግዲያ ሻጋታ ነው የምታበሉኝ?» አለ። ቢሆንም ያን ማታ ዋጠው። አፉን ከፍቶ ምላሱን አንስቶ ለእማማ አሳያት። አሁንም ያሳያታል፤ ልማድ ሆነ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። አላለቀም። ኳስ ሲታይ አንዱ ልጅ ለአባባ ተጋድሞ እንዳለ የቀዘቀዘ ውሃ ሰጠው። ማን እንደሰጠ እስካሁን አልታወቀም፣ ሁሉም ጎል ሲገባ ሽንት ቤት ነበር። አባባ ትን አለው፣ ትንፋሽ አጠረው፣ አለፈለት። በማግሥቱ ማታ ትኩሳት፣ ሳል፣ ማቃሰት። አትላንታ ደወለች፦ «አላልኳችሁም!» አባባም በዓይኑ «አላልኩም?» አለኝ።

ቅርብ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድነው። የሳንባ ምች ነው ተባለ። የታዘዘው ክላሪትሮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ነው። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች የጠየቀን የለም፤ እኛም ጭንቀት ላይ ነበርን። ማዘዣውን ይዤ ፋርማሲዋ ደረስኩ። መዝጊያ ሰዓቷ ደርሶ የብረቱን በር ግማሽ ድረስ አውርዳዋለች። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ወረቀቱን አየች፣ ስልኳ ላይ የአባባን ዝርዝር ከፈተች፣ «ይህን ከዚህ ኪኒን ጋር አልሸጥልህም» አለች።

ተናደድኩ። ትኩሳት የያዘው ሰው ቤት አለ እኮ! እሷ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። አቶርቫስታቲንን ጉበት የሚያስወግድበት መንገድ አለ። ክላሪትሮማይሲን ያንን መንገድ ይዘጋል። ኪኒኑ በየቀኑ ሲጨመር ደም ውስጥ ይከማቻል። ሲበዛ ጡንቻ ይፈርሳል፤ ሰውየው ጭኑና ትከሻው ይዝላል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ኩላሊት ድረስ ሊጎዳ ይችላል። ኤሪትሮማይሲንም ከዚያው ጎራ ነው። ወይ ሐኪሙ ሌላ አንቲባዮቲክ ይቀይር፣ ወይ አንቲባዮቲኩ እስኪያልቅ ስታቲኑን ያቁም፤ ግን ውሳኔው የሐኪም ነው፣ የእኔም የአንተም አይደለም አለች። ደወለች። ሐኪሙ አመስግኖ አሞክሲሲሊን ከክላቩላኔት ጋር ያለበትን ቀየረ። እሷ ዘንድ አልነበረም። ከማን እንደማገኘው ነግራ ላከችኝ፤ ሽያጩንም አጣችው ማለት ነው። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

አራተኛዋ ኮከብ ይቺ ናት። ስለ ኪኒኑ ሰው ሁሉ የሚፈራው ሌላ ነው፣ እሷ የያዘችው ሌላ። «ስታቲን ኢንፌክሽን ያመጣል ወይ?» ብለን ቤት ውስጥ ስንጨቃጨቅ፣ እጃችን ላይ የነበረው አደጋ ስታቲኑ ለኢንፌክሽን ከተሰጠው መድኃኒት ጋር መጣላቱ ነበር።

አባባ ዳነ። ከዚያ ወዲህ ያስተካከልነው ኪኒን ሳይሆን አመጋገቡን ነው። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ ኢንፌክሽን እንደሚይዛቸው፣ ከመቶ አሥሩ የሳንባ ምች፣ አሥሩ ደግሞ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንደሆነ የእህቴ ልጅ ነግራናለች። ቀድሞ አንቲባዮቲክ ሰጥቶ ይህን ለመከላከልም ኔዘርላንድስ ውስጥ ሰፊ ሙከራ ተደርጎ፣ በ2015 ሲታይ የሕሙማኑን መጨረሻ አላሻሻለም። ስለዚህ ቀሪው የቤት ሥራ ነው። ሪፈራል አዋዋጡን አዩልን። ቀጭን ነገር ይቅር፣ ወፈር ያለ ይሁን አሉ። አጥሚት የእማማ ድርሻ ሆነ፤ ውፍረቱን በማንኪያ አንስታ ታንጠባጥበዋለች፣ ቶሎ ከወረደ ወደ እሳቱ ትመልሰዋለች። አሞራ ገደል የሚሸጠውን የዓሣ ሾርባ አባባ ይወደዋል፤ እሱም ከድንች ጋር ተፈጭቶ እንጂ እንዲሁ አይቀርብለትም። ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ አገጩን ወደ ደረቱ ያደርጋል፣ ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት አይጋደምም። ቴሌቪዥን ይጠፋል። ይህን መጨረሻውን እስካሁን አልተቀበለውም።

አፉን ማጽዳትም አለ። እኔ ለጥርስ ውበት ይመስለኝ ነበር። አፍ ውስጥ ያለ ጀርም ነው ከምራቅ ጋር ወደ ሳንባ የሚሾልከው። ጠዋትና ማታ በለስላሳ ብሩሽ፣ ሰው ሠራሹን ጥርስ አውልቆ። የሽንት ቱቦውንም ገና ሆስፒታል እያለን «አሁንም ያስፈልገዋል?» ብለን ስለጠየቅን ቶሎ ነው የወጣለት። የማትጠይቅ ከሆነ እንደተሰካ ይረሳል።

ስለ ኪኒኑ ራሱ ጥቂት። ገበያው ላይ የሚበዛው የህንድ ምርት ነው፤ ዋጋው ከፈረንጁ እጅግ ይለያል። እኔ መለዋወጫ ነጋዴ ስለሆንኩ «ኦሪጅናል» ሲባል ጆሮዬ ይቆማል። ፋርማሲስቷ ግን የመጀመሪያው ብራንድ፣ ሊፒተር፣ ፓተንቱ (ለብቻው የመሥራት መብቱ) አሜሪካ ውስጥ በ2011 እንዳበቃ፣ ከዚያ ወዲህ በሕጋዊ መንገድ የተመዘገበ ጄነሪክ፣ ማለትም ሌላ ፋብሪካ የሚሠራው፣ ውስጡ ያው መድኃኒት እንደሆነ አስረድታኛለች። እሷ ራሷ ርካሹን ነው ያወጣችልኝ። መመልከት ያለብህ ስትሪፑ ላይ የማብቂያው ቀን እንዳለ፣ ካርቶኑ እንዳልተከፈተና የታወቀ አስመጪ ያስገባው እንደሆነ ነው። አባባ ላይ እስካሁን ያየሁት ጉዳት የለም። መጀመሪያ አካባቢ ጭኔን አመመኝ ብሎ ነበር፤ ምርመራ ሲታይ ደህና ነው፣ ፊዚዮቴራፒው ነው ያሳመመው። ክፉው ኮሌስትሮል ወርዷል፤ የጉበት ምርመራውም ደህና ነው። ቅቤ? በጨምበላላ በዓል አንድ ጉርሻ ተፈቀደለት። አንዱ ጉርሻ ግን የእጅ ሙሉ ነበር።

አሁን አምስተኛዋ ኮከብ። መጀመሪያ ነገር፣ ዕቃ ያልቅባታል። ለወር ኪኒን ሄደህ ለሳምንት ብቻ ይዘህ ትመለሳለህ። «ሰኞ ይገባል» ማለት ረቡዕ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ከጠየቀች አትጨርስም። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል፤ አንዴ እኔም ራሴ አጉረምርሜያለሁ። እሷ ስትወጣ የምትተካት ልጅ ደግሞ አትጠይቅም፤ ወረቀት ታያለች፣ ዋጋ ትነግራለች፣ ፌስታል። ይህ ያናድደኛል። ዕውቀቱ የሱቁ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰው በታመመ ቀን ምን ሊሆን ነው? ይህን ለራሷ ነግሬያታለሁ። «አስተምራታለሁ፣ ጊዜ ስጠኝ» ብላለች። ልጅቷ መጠየቅ ስትጀምር ኮከቧን እጨምራለሁ።

ለመሄድ ካሰባችሁ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ሂዱ፣ ጁስ ቤቱ ሳይከፈት። እሁድ ከሰዓት ዝግ ናት። በቴሌብር መክፈል ይቻላል፣ ደረሰኝ ግን ካልጠየቃችሁ አይሰጥም። የምትወስዱትን ሁሉ፣ የባህሉንም ጭምር፣ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። አለዚያ «ያ ቢጫው ኪኒን» እያላችሁ ስትገምቱ ግማሽ ሰዓት ትቆማላችሁ፤ አግዳሚው ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ቀድሟችሁ ይቀመጣል።